ባቡር የሌለን እኛ ከድሬዳዋ ምን እንማራለን?

(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ከተዘዋዋሪ ብድራችን ከፍለን ለጓሮ ፍራፍሬ ችግኝ እናውል ወይስ አናውል የሚለው ጉዳይ ዛሬ ለውሳኔ ቀርቧል። የቢቸናም የሞጣም ቡድኖቻችን መክረውበታል። ከመወሰናችን በፊት ባቡር ስለወለዳት ከተማ ጥቂት እንበል።

ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ግን አላስወጣ አለ። ስለዚህ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ካለው ሜዳ ደረሰ፤ ድሬዳዋም እዚያ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ለዓመታት ከባቡር የወረደው ዕቃ ከዚያ በግመልና በበቅሎ ይጓዝ ነበር። የባቡር ጥገናው፣ ጉምሩኩና ገበያው ተከታትለው መጡ። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ከዚራና መጋላ አደጉ። ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ያለችው ትንሿ ኤረርም በብርቱካንና በመንደሪን ታወቀች። ባቡር በቆመ ቁጥር ፍሬ የያዘ ሁሉ ገዢ አገኘ።

ኋላ ግን ሐዲዱ አረጀ፣ አሮጌው ባቡርም ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የድሬዳዋ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። በአሮጌው ጣቢያ ደጅ ይነግድ የነበረ ሰው ገበያው ራቀበት።

እኛ ባቡር የለንም። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚዘልቅ መንገድ ግን አለን። ከድሬዳዋ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። መንገድ የሚጠቅመው የሚሸጥ ነገር ላለው ነው፤ በአንድ መንገድ ብቻ መታመን ግን ያስቸግራል። ስለዚህ ፍሬያችንን ለአላፊው መንገደኛ ብቻ ሳይሆን ለከተማችን ገበያም አስበን እንትከል።

ችግኙም እንደ አየሩ ይመረጥ፤ ለደጋው አፕል፣ ለወይና ደጋው አቮካዶ። የበጋ ውሃ የሌላት አባል አትጀምር።

ትልቁ ጭንቀታችን ብድሩ ነው። የተዳቀለ አቮካዶ እንኳ ለማፍራት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። ብድሩ በዓመቱ ይመለስ ካልን እናቶቻችን ዛፉ ሳያፈራ ዶሯቸውንና በጋቸውን ሸጠው ይከፍላሉ። ያን ጊዜ የረዳናት መስሎን አደኸየናት ማለት ነው። ስለዚህ ክፍያው ከመጀመሪያው ምርት በኋላ እንዲጀምር እንጠይቃለን። ደጋፊዎቻችንም ከገንዘቡ ይልቅ ይህን የትዕግሥት ጊዜ ብትሰጡን ይበልጥብናል።

በዚህ የምትስማሙ እጃችሁን አንሡ። የማትስማሙም ምክንያታችሁን ንገሩን፤ ገንዘቡ የሁላችንም ነው።