አድራሻ የሌለው ድንጋይ
(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ ባሕር ዳር የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ኪሴ ልግባ። ይህ በእጄ የያዝኩት ድንጋይ ነው። ከኋላ ያላችሁ ካልታያችሁ፣ የተጠቀለለ የአውራ በግ ቀንድ አስቡ፤ ስፋቱ የስኒ ማስቀመጫ ያህል ነው። አሞናይት ይባላል። ስሙም የመጣው ከቀንዱ ነው፤ አሞን የሚባለው የጥንት ግብፃውያን አምላክ የበግ ቀንድ ነበረው። እንስሳው ግን በግ አይደለም፣ ቀንድ አውጣም አይደለም። የስኩዊድና የኦክቶፐስ ዘመድ የሆነ፣ ባሕር ውስጥ የሚዋኝ ፍጡር ነበር። ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዳይኖሰሮች ሲጠፉ፣ እሱም ጠፋ።

እኔ የመራዊ ልጅ ነኝ። መራዊን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ዘንድ ድንጋይ ማለት ጥቁር ነው። አጥሩ ጥቁር፣ የቤቱ መሠረት ጥቁር፣ ልጅ ሆነን አውራ ጣታችንን የሚያደማን ጥቁር። እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ድንጋይ ነውና የባሕር ፍጡር አይፈለግበትም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ነገር መጀመሪያ ያየሁት ፔዳ ገብቼ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ለመስክ ትምህርት ዓባይ በረሃ ስንወርድ ነው።

ከደጀን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ከላይ የምታገኙት ያንኑ የእኛን ዓይነት ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዚያ አሸዋ ድንጋይና ጭቃማው ድንጋይ ይመጣል። ዝቅ ስትሉ የኖራ ድንጋዩ፣ ከሥሩ ጄሶው፣ ወንዙ አጠገብ ደግሞ ቀዩ አሸዋ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩ ከደቡብ ምሥራቅ የመጣ ባሕር ወለል ነበር፤ ዕድሜውም ወደ 150 እና 160 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በውጭ አገር መጻሕፍት የምታዩት፣ በእንግሊዝ ዳርቻ ከነጭ የጠመኔ ገደል የሚለቀመው አሞናይት፣ ከእኛው በብዙ ሚሊዮን ዓመት ያንሳል። ያ ጠመኔ በሚከማችበት ዘመን ባሕሩ ከእኛ አካባቢ ሸሽቶ ነበር። (በነገራችን ላይ፣ እኛ መምህራን ዕድሜ ልካችንን ከእጃችን ያራገፍነው ጠመኔ አብዛኛው ጄሶ ነው።)

ታዲያ ያን ዕለት፣ መንገድ ዳር ከተከመረው ፍርስራሽ ላይ ይህን አገኘሁ። የአውቶቡሱ ጥሩምባ እየጮኸ ነው። ብድግ አድርጌ ኮቴ ኪስ ከተትኩት። አንዲት መስመር አልጻፍኩም። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ፣ ባስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ የፈተና ወረቀት መጫኛዬ ሆኖ ኖረ።

ዓምና ወደዚሁ ዩኒቨርሲቲ ወደ ምድር ሳይንስ ክፍል ይዤው መጣሁ። የተቀበለችኝ ወጣት መምህርት ገና ስታየው ሳቀች። «ቲቸር! ይሄ እኮ ያ ወረቀት መጫኛው ነው!» ለካ ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። በአጉሊ መነጽር አገላብጣ አየችው። የክፍሎቹን ስፌት በጣቷ አሳየችኝ፤ እንደ ቅጠል ጠርዝ የተዘነጣጠለ ነው። ናውቲለስ ቢሆን ኖሮ ስፌቱ ለስላሳ ጎባጣ መስመር ይሆን ነበር። «አሞናይት ነው!» አለች። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ቀጥላ፣ «ከየት ነው ያነሱት?» አለችኝ።

«ከዓባይ በረሃ።»

«ከየትኛው ንብርብር? ከድልድዩ ወዲህ ነው ወዲያ?»

ዝም አልኩ። እሷም ድንጋዩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ያቺ «ቀስ» ናት እዚህ መድረክ ላይ ያወጣችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሞናይቶች መልካቸው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጥ ነበር፤ በባሕሩም ሰፊ ቦታ ይዳረሱ ነበር። አንዱ ዓይነት የሚኖረው በምድር ታሪክ አቆጣጠር ለአጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች የአንድን ንብርብር ዕድሜ በእነሱ ይለያሉ። የኖራ ድንጋዩ ውፍረት ደግሞ በመቶ ሜትሮች ይቆጠራል። የእኔው ከየትኛው ሜትር ወረደ? እንግዲህ ማን ይንገረን?

ዊሊያም ብላንፎርድ የሚባለው እንግሊዛዊ የምድር ሳይንስ ሊቅ በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ከዘመተው ጦር ጋር መጥቶ ነበር። አመጣጡን አልወድለትም። ነገር ግን ያየውን የኖራ ድንጋይ ካየበት ቦታ ስም ጋር መዘገበው፤ እ.ኤ.አ. በ1870 መጽሐፉን አሳተመ። «የአንታሎ የኖራ ድንጋይ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው። እኔ ያገሩ ልጅ፣ እስክሪብቶ ኪሴ እያለ፣ ያን እንኳ አላደረግሁም።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። በዚያ አውቶቡስ ኪሱን የሞላሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ እንተዋወቃለን! ከእኛ በፊትም በኋላም ብዙ አውቶቡስ ወርዷል። እስቲ ቤታችሁ ስትገቡ መደርደሪያውን፣ ሣጥኑን እዩ። ድንጋይ ካለ አምጡ። የመስክ ደብተር ካላችሁ ከድንጋዩ ይልቅ እሱን አምጡ። ፎቶም ይሁን። የጉዞውን ዓመትና የቆማችሁበትን ቦታ ብቻ ብታስታውሱም ይጠቅማል።

አሁን ተማሪ ይዛችሁ የምትወርዱ ባልደረቦቼ ደግሞ፣ መጀመሪያ ፎቶ፣ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጣችሁ። ከዚያ የስልካችሁን የቦታ መለኪያ፣ ከገደሉ ላይ ነው ወይስ ከፍርስራሽ የሚለውን ጻፉ። ድንጋዩ ራሱ እዚያው ይቆይ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ መፈለግን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ማሳወቅ አለበት። እኔ ያኔ ያደረግሁት ጥፋት ነበር፣ ልጆቹ ይህንንም ይስሙ።

ይኼኛው ዛሬ ለክፍሉ ይሰጣል። መለያ ካርዱን መምህርቷ ጽፋልኛለች፤ «ዓባይ በረሃ፣ ትክክለኛ ቦታው ያልታወቀ» ይላል። በሻይ ሰዓት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። መንካት ይቻላል፤ ስፌቱ በግራ በኩል ይሻላል።