ዕድሜዋ ይገመት

ክቡራን መምህሮቻችን፣ እናንተም የያኔ የዶርም ልጆች፤

ጅግጅጋ ስሠራ «ዕድሜዋ ይገመት» የሚል የፍርድ ቤት ደብዳቤ ይመጣልኝ ነበር። ከጉናጋዶ የመጣችውን አንዷን አልረሳም። መቼ እንደተወለደች ስጠይቅ እናቷ «ፍየሎቻችን ካለቁበት ድርቅ በኋላ» አሉኝ። የእጅ አንጓዋን ራጅ አስነሳኋት። መቼም ተምረናል፤ እዚያ ያለው የአጥንት ማደጊያ 18 ዓመት ገደማ ላይ ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ 19ን ከ21 መለየት የለም።

ትናንት እራት ላይ «በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ለምርጫ ይወዳደሩ ወይ?» ብላችሁ ስትከራከሩ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። ሕገ መንግሥቱ 18 ዓመት የሞላው ይምረጥ ይላል፤ የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ ከዕጩ 21 ይጠይቃል። አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ነው። ያኔ እንደተወለዱ የተመዘገቡት 21 የሚሞላቸው በ2029 ነው።

አንዱ ወንድማችን ተፈሪ መኮንን በ13 ዓመታቸው የጋራ ሙለታ ገዥ መሆናቸውን ጠቀሰ። ኧረ ያ ሹመት ነው! ማን መረጣቸው?

እኔ ከ18 በታች አይሁን ባይ ነኝ። 18 የሞላት ግን ለገዛ ቀዶ ሕክምናዋ ራሷ ትፈርማለች፤ ልጇን አዝላ ድምፅ ትሰጣለች። «ጎሳው ከፊት አስቀምጦ ከኋላ ይነዳታል» ትሉኛላችሁ። እሱ እኔንም ያሰጋኛል፣ አልዋሽም። የ50 ዓመት ሰው ሲነዳ አላየንም እንዴ?

ለመምረጥ የተቀበልነው ግምት ለመመረጥም ይብቃ። የዚያችን ልጅ ወረቀት «18 ሳይሞላት አይቀርም» ብዬ ፈርሜያለሁ። 21 በዪ ብባል ኖሮ እስክሪብቶዬን አስቀምጥ ነበር።