በአንድ አገልጋይ ሁለት ቋንቋ፦ የስክሪፕት መተግበሪያዎች በጃቫ አገልጋይ ውስጥ

በመቐለ ከተማ፣ ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



የዛሬው ርዕሳችን ሲሰሙት ሩቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በአገራችን ተቋማት በየዕለቱ የሚያጋጥም ጉዳይ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በጃቫ ተጽፎ በቶምካት ላይ ይሠራል። ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎችን የሚያኖሩበት ዲስፔስም እንዲሁ። ከጎናቸው ግን በፒኤችፒ የተጻፈው ሙድል በሌላ አገልጋይ ላይ ይቀመጣል። አንድ ባለሙያ ሁለት ዓይነት ማሻሻያና ሁለት ዓይነት የስህተት መዝገብ ሲከታተል ይውላል ማለት ነው። ታዲያ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ማድረግ ይቻላልን?

ይቻላል። የጃቫ ምናባዊ ማሽን የሚያውቀው የጃቫን ቋንቋ ሳይሆን ባይትኮድን ነው። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1997 ፓይተንን፣ በ2001 ደግሞ ሩቢን ወደዚህ ማሽን የማምጣት ሥራ ተጀመረ፤ ጃይተንና ጄሩቢ እንላቸዋለን። ካውቾ የተባለው ኩባንያም ፒኤችፒን በጃቫ እንደ አዲስ ጽፎ ኩዌርከስ ብሎታል። የዲስፔስ የቀድሞው ኤክስኤምኤልዩአይ ገጽታም የአስተዳዳሪውን ሥራ የሚመራው በጃቫስክሪፕት ነበር፤ ብዙ ተጠቃሚ ይህን ሳያውቅ ኖሯል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው የአሠራሩ ማሸጊያ ነው። በተለመደው መንገድ የሩቢ መተግበሪያ ሲተከል ቤተ መጻሕፍቱ አንድ በአንድ ከኢንተርኔት ይወርዳሉ። ዋርብለር የተባለው መሣሪያ ግን መተግበሪያውን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ጄሩቢን ራሱን ጭምር በአንድ የዋር ፋይል ይጠቀልላል። (ስሙ በእንግሊዝኛ ከጦርነት ጋር አንድ መሆኑ በዚህ ከተማ ቀልድ አይሆንም።) በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከውጭ የሚወርድ ቤተ መጻሕፍት የሚጠብቅ ሥርዓት ከተበላሸ መልሶ መትከል አይቻልም። ዋር ፋይሉ ግን በፍላሽ ዲስክ ከቢሮ ወደ ቢሮ ይሄዳል፤ ተቀባዩ ቶምካትና ተስማሚ የጃቫ እትም ካለው በቂ ነው። እኔ ለዚህ አሠራር የማዳላው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። በሲ ቋንቋ የተጻፉ የሩቢ ተቀጥላዎች በጄሩቢ አይሠሩም፤ በጃቫ የተጻፈ ምትክ መፈለግ ግድ ነው። አነሳሱ ዘገምተኛ ነው፤ ማኅደረ ትውስታም ይበላል፤ መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ስፍራ ይህ ያስመርራል። የዕድሜ ጉዳይም አለ። ጃይተን በፓይተን 2.7 ላይ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከጃቫ 8 ጋር የመጣው ናሾርን የተባለው የጃቫስክሪፕት ሞተር በ2020 ከጃቫ 15 ወጥቷል። በእርሱ ላይ የተመሠረተ ሥራ ወይ በአሮጌ ጃቫ ይቀራል፣ ወይ ናሾርንን ለብቻው እንደ ቤተ መጻሕፍት ይጨምራል፣ ወይ ሌላ ሞተር ይፈልጋል።

ስለዚህ ሙድልን በኩዌርከስ ላይ እንድታስኬዱ አልመክርም። የሙድል አዘጋጆች ሥራቸውን የሚፈትኑት በመደበኛው ፒኤችፒ ነው፤ እክል ቢገጥማችሁ ብቻችሁን ትቀራላችሁ። ኤንጂንኤክስን ከፊት አቁማችሁ ሁለቱን አገልጋዮች ከኋላው ብታስቀምጡ ተጠቃሚው አንድ በር ብቻ ያያል።

የሕሙማን መረጃ ያለበትን አገልጋይ በተመለከተ ደግሞ አቋሜ ጽኑ ነው። በአንድ ቶምካት ውስጥ ያሉ መተግበሪያዎች አንድ ማኅደረ ትውስታ ይጋራሉ፤ የአንዱ ስክሪፕት ከጨረሰው ሌላውም አብሮ ይወድቃል። የቢሮ ማስታወቂያ ገጽ የወሊድ ክፍልን ሪፖርት ሊያቆም አይገባም። በተለየ ቶምካት አስቀምጡት።

ተማሪዎቼ፣ ዋር ፋይላችሁ ተሟልቷል ከማለታችሁ በፊት የኔትወርኩን ገመድ ነቅላችሁ በባዶ ማሽን ላይ አስነሱት። የጎደለው ቤተ መጻሕፍት ያን ጊዜ ራሱን ይገልጣል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።