ለ12ኛ ክፍል ፈተና መቼ እንጀምር?

አቅራቢ፦ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ጓዛቸውን ይዘው ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ኩረጃን ለመግታት ሲባል ፈተናው በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀረ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ፈተናም 3.2 በመቶ።

ታዲያ እዚህ አማራ ክልል፣ ደልጊ ላይ ልጁን የሚያስተምር ወላጅ ምን ያድርግ? ብዙዎቻችን ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ማጠናከሪያ እናስገባዋለን። በእኔ እምነት ይህ የዘገየ ነው፤ ከ9ኛ ክፍል መጀመር ይሻላል። ምክንያቱም ከዚያ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ሒሳቡን አውቆ ጥያቄው ያልገባው ልጅ ስንት ነው!

ደግሞ አፕቲትዩድ የሚባል የማመዛዘን ችሎታ ፈተና አለ። እስኪ ልጅዎን ይጠይቁልኝ፦ ሁለት፣ ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ ሃያ... ቀጥሎስ? ልዩነቱ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት እያለ ያድጋል፤ ስለዚህ ቀጣዩ ልዩነት አሥር ነው፣ መልሱም ሠላሳ። ይህ በሽምደዳ አይገኝም። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ሰዓት ይዞ መሥራት ይጠይቃል፤ መልሱን ብቻ ማየት ሳይሆን ለምን እንደተሳሳቱ መመርመር።

በክልላችን ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የባከነውን ጊዜ ልጁ ብቻውን አይመልሰውም።

እንደ 2015ቱ በጥቅምት ሳይሆን፣ አሁን ፈተናው የሚመጣው በክረምት መግቢያ ከእርሻ ሥራ ጋር ነው። እባካችሁ ወላጆች፣ ሰኔ ሲገባ ተፈታኙን ልጅ ከሞፈርና ከከብት ጥበቃ አሳርፉት።