ወይን ጠጅና ማዕድ

ወይን ጠጅ ሲባል በቅድሚያ ከኅሊናችን የሚደርሰው ከዘቢብ ተዘጋጅቶ ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ቢሆንም፣ ዛሬ የምንናገረው ለማዕድ ስለሚሆነው፣ ማለት ስለ ጉደር፣ ስለ አክሱሚት፣ እንዲሁም በዝዋይ ከሚለማው ወይን ስለሚጠመቀው ነው።

ቀይ ወይን ጠጅ ሲጠመቅ የፍሬው ቆዳ ከጭማቂው ጋር አብሮ ስለሚፈላ፣ ከቆዳው የሚወጣው ታኒን ምላስን ጨምድዶ ይይዛል፤ ይኸው ጠባዩ ግን ስብ ካለበት ሥጋ ጋር ሲገናኝ ስለሚለዝብ፣ ጉደርን የመሰለው ደረቅ ቀይ ወይን ከበግ ጥብስ ጋር እጅግ ይስማማል። በርበሬው ለበረታ ዶሮ ወጥ ግን ይህንኑ ማቅረብ፣ በእኔ አስተያየት፣ ወጡንም ወይኑንም መበደል ነው፤ አልኮልና ታኒን የበርበሬውን ቃጠሎ ያብሱታልና። ከድልሁ የተነከረውን እንቁላል በእንጀራ ጠቅልሎ ጎርሶ፣ ከጣፋጩ አክሱሚት ወይም ካልበረታ የማር ጠጅ ፉት ያለ ሰው፣ ቃጠሎው ሲረግብና የቁሌቱ ጣዕም ሲገለጥ ወዲያው ያስተውለዋል። ለዓሣ ነጭ ወይን ጠጅ ይበቃል።

ወይን ስለሚጠጣበት ሙቀት ደግሞ፣ በይፋት ቆላ፣ በጀውሃና በሸዋ ሮቢት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይን የማይቀመስበት ቤት ብዙ ነው፤ በሚቀመስበት ቤት ግን «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣ» የሚለው ምክር ለብርዳም አገር የተነገረ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ በቆላው ሐሩር የሞቀ ወይን አልኮሉ አፍንጫን ይመታልና፣ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ በሚነካው ጥላ ሥር ጥቂት ያቆየው።