ልጄ ክብደት አልጨምር ሲል

እህቶቼ፣ ሕፃን ይዛችሁ የመጣችሁ ከኋላ አትቀመጡ፤ ቢያለቅሱም ግድ የለም፣ የዛሬው ጉዳይ የእነሱ ነው።

እኔ ቤይሩት ውስጥ የማዳምን ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ። ጡጦውን ቀቅዬ፣ ውሃውን ለክቼ፣ የዱቄቱን ማንኪያ በቢላ ጀርባ አስተካክዬ ነበር የማዘጋጀው። በኋላ ከቤት ወጥቼ ፍሪላንስ ስሠራ የራሴን ልጅ ወለድኩ። ጣሳው ላይ ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ይላል፤ እኔ ለ60 አንድ አደርግ ነበር። ጣሳው ወሩን እንዲያደርስልኝ ነው። የቤት ኪራይ እንዴት እንደሚያስጨንቅ ለእናንተ አልነግርም።

ልጄ ጡጦውን ትጨርሳለች፣ ሆዷ ይሞላል፣ ትተኛለች። ጠግባለች እል ነበር። ስትወለድ 2 ኪሎ ከ800 ግራም ነበረች፤ በሦስት ወሯ 4 ኪሎ አልሞላችም። እናቴ በስልክ «እንጥሏ ወርዶ ይሆናል፣ የሚቆርጥ ፈልጊ» አለችኝ። ጎረቤቴ «ዓይን ነው» አለች። መስተውሰፍ ያለችው ነርስ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ስንት ማንኪያ ታደርጊያለሽ?» ዋሸኋት። ደግማ ስትጠይቀኝ አለቀስኩ። አልተቆጣችኝም፤ ጡጦውን አስመጥታ ከፊቴ በልክ አዘጋጀችው። ያቺ ልጅ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ቦርሳዋን እንኳ አታሸክመኝም።

የቀጠነ ወተት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ውሃ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀንስና ሕፃኑን እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል። ማወፈርም ይጎዳል። መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ዱቄቱ፣ በዚያው ጣሳ ውስጥ በመጣው ማንኪያ። የሌላ ጣሳ ማንኪያ መጠኑ ሊለይ ይችላል። ለሻይ የምንገዛው የዱቄት ወተት ደግሞ ዓመት ላልሞላው አይሆንም። ወተት መግዣ ካጣሽ ከማቅጠንሽ በፊት ለእኛ ንገሪን፤ እኔ ያልተናገርኩት አፍሬ ነው።

ጡት የምታጠቡ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቡ። ስድስት ወር እስኪሞላው ውሃ፣ ስኳር፣ ያንሱን፣ ቅቤ አያስፈልገውም፤ የወተቱን ቦታ ይይዙበታል። «ሥራ ጀምሬ ጡቴ ደረቀ» ትሉኛላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው ቀኑን ሙሉ ስለማይጠባ ነው። በየሦስት ሰዓቱ በታጠበ እጅ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ እለቡት። ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ ውጭ ግን ከአራት ሰዓት አይለፍ፣ በበጋ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። መብራት እንደሚጠፋ አትርሱ።

ልጅሽን የምታውልልሽ ሴት ስድስት ሰባት ሕፃን ይዛ ይሆናል። አትውቀሻት፤ ግን ዱቄቱን በልክ በልኩ ለያይተሽ ስጫት፣ ማታ ስንት ጡጦ እንደጨረሰና ስንት ዳይፐር እንደረጠበ ጠይቂያት። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ከረጠበ ጥሩ ምልክት ነው።

ሕፃን በተወለደ ሰሞን ትንሽ ይቀንሳል፣ በሁለት ሳምንት ይመልሰዋል። ከዚያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በሳምንት ከ150 እስከ 200 ግራም ያህል ይጨምራል፤ በአምስት ስድስት ወሩ የልደት ክብደቱን እጥፍ ያደርጋል። ከማዳም ልጅ ጋር ግን አታወዳድሩ። ቀጭን ሆኖ ደህና የሚያድግ ልጅ አለ። የሚታየው ካርዱ ላይ ያለው መስመር ነው፦ ወደ ላይ እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል?

ስድስት ወር ሲሞላው ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ይሁን፤ ምስር፣ እንቁላል፣ ትንሽ ዘይት ጨምሩበት።

መጥባት እምቢ ካለ፣ ለመንቃት ከከበደው፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከጠፋ፣ ወይም ሦስት ወር ሳይሞላው ካተኮሰው፣ እሁድን አትጠብቁ፤ ያንኑ ቀን ሐኪም ይየው። ወረቀት የላችሁም ብላችሁ ከፈራችሁ ደውሉልን፣ አብረን እንሄዳለን።

ሚዛኑ ጓዳው ውስጥ ነው። ልብሱን አውልቃችሁ፣ ዳይፐሩንም ጭምር፣ አንድ በአንድ ግቡ። የወተቱን ጣሳና ማንኪያውን ይዛችሁ የመጣችሁ ቅድሚያ አላችሁ።