ምስማር፣ ክርና እንጨት፦ ወላጅና ልጅ አብረው የሚሠሩት ሥዕል

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ቀላል የእጅ ሥራ ነው። በእንጨት ላይ ምስማር ተመትቶ፣ ከምስማር ወደ ምስማር ክር እየተወጠረ የሚሠራ ሥዕል ነው። «ቋንቋ ስንማር፣ ሥራ ስንፈልግ፣ ቤት ስንጠብቅ፣ ይህ ደግሞ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከሥራው ጋር አብረን እናየዋለን።

አገር ለቆ አዲስ አገር የገባ ቤተሰብ ሁሉ የሚያጋጥመው አንድ ነገር አለ። ልጆች ዕብራይስጡን ቶሎ ይይዛሉ። ወላጆች በኡልፓን ቢደክሙም ወደ ኋላ ይቀራሉ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በባንክ፣ በኩፓት ሖሊም፣ በትምህርት ቤት የሚያስተረጉመው ልጅ ይሆናል። አባት ዝም ይላል፤ እናት ልጇን ተከትላ ትሄዳለች። የቤት ሥራ ሲመጣም ልጁ «እማዬ፣ አንቺ አታውቂውም» ይላታል። ይህን የሚለው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የሚማረው ሁሉ በዕብራይስጥ ስለተጻፈ የእናቱ እውቀት አይታየውም። ስለዚህ የወላጅ እጅ የሚያውቀውን ልጅ በዓይኑ የሚያይበት ሥራ በቤት ውስጥ ያስፈልጋል።

እናቶቻችን መሶብ ሲሰፉ አስቡ። አክርማውን በቀለም ነክረው፣ ስንደዶውን ይዘው፣ በወስፌ እየወጉ ሲሰፉ ሐረጉ ዞሮ መጀመሪያው ላይ ልክ እንዲገጥም ይቆጥራሉ። ሸማኔም ጥለቱን የሚያወጣው ክሩን ቆጥሮ ነው። አንድ ክር ከሳተ ጥለቱ ይበላሻል። ይህ ሒሳብ ነው። በደብተር ላይ ስላልተጻፈ ብቻ ሒሳብ አልተባለም።

ክርን ለሒሳብ ማስተማሪያ ያደረገች አንዲት ሴት በእንግሊዝ አገር ነበረች። ስሟ ሜሪ ኤቨረስት ቡል ይባላል። በ1832 ተወልዳ በ1916 ዓመተ ምሕረት ሞታለች፤ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ባሏ ጆርጅ ቡል የታወቀ የሒሳብ ሊቅ ነበረ። እርሱ በ1864 ሲሞት አምስት ሴቶች ልጆች ትቶላት ሄደ። ይህች ሴት ልጆች ሒሳብን በጆሯቸው ከመስማታቸው በፊት በእጃቸው እንዲዳስሱት ትፈልግ ነበር። ስለዚህ በተበሳ ካርቶን ላይ ክር በመርፌ እያሳለፉ ቅርጽ እንዲሠሩ ታደርጋቸው ነበር። በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ፣ ይኸው ነገር በእንጨትና በምስማር እየተሠራ የቤት ጌጥ ሆኖ በብዙ አገር ተስፋፋ።

አሁን ወደ ዕቃው እንሂድ። የሥራ መሣሪያ ወደሚሸጥበት ሱቅ ስትገቡ አትፈሩ፤ ከስሞቹ አንዳንዱን ታውቁታላችሁ። ምስማር በዕብራይስጥ ማስሜር ነው፤ ሲበዛ ማስሜሪም ይባላል። እንጨት ዔጽ ነው፤ ቄሶቻችን በሚያነቡት ግዕዝም ዕፅ ይባላል። መዶሻ ፓቲሽ፣ ክር ደግሞ ሑት ነው። እንጨቱን የምናለሰልስበት የብርጭቆ ወረቀት ንያር ዝኹኺት ይባላል፤ ትርጉሙም ያው የብርጭቆ ወረቀት ነው።

የሚያስፈልገው ጎኑ 30 በ30 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ሳንቃ ነው። ከአናጢ ቤት የተረፈ ቁራጭም ይሆናል። ምስማሩ ቀጭን፣ ርዝመቱ 2 ሳንቲሜትር ይሁን። ግማሹ እንጨት ውስጥ ይገባል፤ ግማሹ ክር እንዲይዝ ውጭ ይቀራል። ክሩ የዳንቴል ክር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቶሎ አይበጠስም።

ሥዕሉን በመጀመሪያ በወረቀት ላይ በነጥብ አውጡ። ወረቀቱን በሳንቃው ላይ ለጥፉ፤ በየነጥቡ ላይ ምስማር ምቱ። ሁሉም ተመትቶ ሲያልቅ ወረቀቱን ቀድዳችሁ አውጡት። ምስማሩን በጣት ከመያዝ በሚዶ ጥርስ መካከል አስገብቶ መያዝ ይሻላል፤ መዶሻው ቢስት ጣት አይመታም።

የመጀመሪያው ሥራ ማዕዘን ነው። አንድ የቆመና አንድ የተኛ መስመር በማዕዘን አገናኙ። ከማዕዘኑ ጀምራችሁ በየ2 ሳንቲሜትሩ በእያንዳንዱ መስመር ላይ 10 ነጥብ አድርጉ። ለማዕዘኑ የሚቀርበው 1፣ ጫፍ ላይ ያለው 10 ይሁን። ክሩን በቆመው መስመር 10ኛ ምስማር ላይ እሰሩና ወደ ተኛው 1ኛ ሳቡት። ከዚያ ጎኑ ወዳለው 2ኛ አሳልፉና ወደ ቆመው 9ኛ መልሱት። ከ9ኛው ወደ 8ኛው፣ ከ8ኛው ወደ ተኛው 3ኛ፤ እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ። ደንቡ አንድ ነው፦ ክር ያገናኛቸው ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ሁልጊዜ 11 ይሆናሉ። 11 ካልሆኑ ክሩ ስቷል ማለት ነው።

ሲያልቅ ተመልከቱት። የወጠራችሁት 10 ቀጥ ያለ ክር ነው፤ ዓይን የሚያየው ግን እንደ ማጭድ የጎበጠ መስመር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አንዱ ክር ብቻውን የማያሳየውን አሥሩ ተባብረው አሳዩት። ይህን ቅርጽ ልጆቹ ከፍ ሲሉ ፓራቦላ በሚል ስም ይማሩታል። በየጣሪያው የምታዩት የሳተላይት ሳህን የጎበጠው በዚሁ ቅርጽ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ክብ ነው። 12 ሳንቲሜትር በሆነ ክር አንዱን ጫፍ መሐል ተክላችሁ፣ በሌላው ጫፍ እርሳስ አስራችሁ አዙሩ። በዚያው በ12 ሳንቲሜትር ዙሪያውን ብትለኩት ልክ ስድስት ጊዜ ይሄዳል። እያንዳንዱን ለሁለት ክፈሉ፤ እንደ ሰዓት 12 ይሆናል። እንደገና እያንዳንዱን ለሦስት ክፈሉ፤ 36 ይሆናል። ከ1 እስከ 36 ቁጥር ስጡትና ምስማሩን ምቱ። ክሩን ከ1 ወደ 13፣ ከ13 ወደ 25፣ ከ25 ወደ 1 መልሱ። ሦስት ማዕዘን ወጣ። ከ2፣ ከ3፣ ከ4 እየጀመራችሁ፣ 12 ምስማር እየቆጠራችሁ፣ ሁሉንም አዳርሱ። በጠቅላላው 12 ሦስት ማዕዘኖች ይሆናሉ። ከ6ና ከ12 የሚጀምሩትን ሁለቱን ግን ለመጨረሻ አቆዩና በሌላ ቀለም ክር ሥሩ፤ ማጌን ዳዊት ይወጣላችኋል። መሐሉ ላይ ደግሞ ማንም ያልሣለው ባዶ ክብ ታያላችሁ። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር የትልቁ ክብ ግማሽ ነው።

የማባዛት ሰንጠረዥ ለሚያስቸግረው ልጅ በዚያው በ36ቱ ነጥብ ሌላ ሥራ አለ። በመጀመሪያ በወረቀት ላይ በእርሳስና በማስመሪያ ይሞክረው። እያንዳንዱን ቁጥር ከእጥፉ ጋር ያገናኝ፦ 1ን ከ2፣ 2ን ከ4፣ 3ን ከ6፣ እስከ 18ና 36 ድረስ። የ19 እጥፍ 38 ነው፤ 38 ስለሌለ 36 ቀንሶ ከ2 ጋር ያገናኘው። 20ን ከ4፣ 21ን ከ6፣ እንዲህ እያለ እስከ 35 ይቀጥል። ሲጨርስ የልብ ቅርጽ ያያል። አንዱን ከሳተ ልቡ ላይ ይታወቃል፤ መምህር እስኪያርምለት አይጠብቅም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ይህ ሥራ ደመወዝ አያስገኝም፤ ኡልፓንንም አይተካም። የሚሰጠው አባትና እናት ከልጃቸው ጋር እኩል የሚቀመጡበት አንድ ምሽት ነው። ልጁ ቁጥሩን ያንብብ፤ ወላጅ ምስማሩን ይምታ፣ ክሩንም ይወጥር። ክር ሳይላላና ሳይበጠስ መወጠር የለመደ እጅ ይፈልጋል፤ ልጁም ይህን ወዲያው ያያል። ልጁ «አሐት፣ ሽታይም፣ ሻሎሽ» እያለ ይቁጠር፤ እናንተ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» በሉ። እናንተ የዕብራይስጡን ቁጥር ትይዛላችሁ፤ እርሱም አማርኛው እንዳይጠፋበት ይረዳዋል። ገና ትንንሽ የሆኑትን ከምስማሩ አርቋቸው፤ ክር ያጠንጥኑላችሁ።

ሦስት ማሳሰቢያ አለን። አንደኛ፣ በአፓርታማ ቤት መዶሻ ጎረቤት ይረብሻል። ሳንቃውን በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አድርጋችሁ ምቱ። ሰዎች በሚያርፉበት ከ14፡00 እስከ 16፡00 ባለው ጊዜ፣ ማለትም በለመድነው አቆጣጠር ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፣ አትምቱ። ሁለተኛ፣ ቤቱ የኪራይ ወይም የመርከዝ ክሊታ ከሆነ ሥዕሉን ለመስቀል ግድግዳውን ከመብሳታችሁ በፊት ኃላፊውን ጠይቁ። ሦስተኛ፣ የተረፈውን ምስማር ቆጥራችሁ ሰብስቡ፤ ሕፃን በእግሩ እንዳይረግጠው።

በትምህርት ቤት የወላጆች ቀን፣ ዮም ሆሪም የሚባለው ሲደርስ፣ ሳንቃውን ይዛችሁ ሂዱ። መምህሩ «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በዚያን ጊዜም የሚያስተረጉመው ልጃችሁ ይሆናል። ግን የሚናገረው አባቱ ወይም እናቱ ስለሠሩት፣ እርሱም አብሮ ስለቆጠረው ሥራ ነው።